የሰው ቡና ነው እማ

ሞተር የሌላት መኪና ቁልቁለት ስትወርድ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አትጮህም። መጀመሪያ የጎማዋ ሹክሹክታ ብቻ ነው፤ ቀጥሎ ንፋሱ በበሯ ስንጥቅ ገብቶ ያፏጫል። ያ ፉጨት ዛሬም ከጆሮዬ አልወጣም። የጎረቤት ቆርቆሮ በንፋስ ሲያፏጭ የያዝኩትን ጥዬ ቀጥ እላለሁ።

ወርቄ እባላለሁ፤ የምኖረው ሚዛን ተፈሪ ነው። ትምህርቴ ሦስተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ ፊደል ብገድፍ ይቅር በሉኝ። "እንደምታወሪው አድርገሽ ጻፊው" ያለችኝ ልጄ ናት። እጄ ከብዕር ይልቅ ቡና ያውቃል። ዕድሜዬን በቡና መጋዘን ተቀምጬ ጥቁሩን፣ የተበላውንና የተሰበረውን ከደህናው ስለይ የኖርኩ ለቃሚ ነኝ።

ደግሞ ፈሪ ነኝ። ይህን ቀድሜ ካልነገርኳችሁ የሚቀጥለው አይገባችሁም።

ባለቤቴ ታምሩ የቡና ጭነት ሾፌር ነበር። በአንድ ክረምት በቴፒ መንገድ መኪናው ተገለበጠና ቀኝ እግሩ ከሥሩ ገባ። እግሩ ተረፈ፤ ጉልበቱ ግን ዳግመኛ አልታጠፈም። ከዚያ ወዲህ በራፍ ላይ በርጩማ አስቀምጦ የሚያልፈውን መኪና በድምፁ እየለየ ይውላል። "ይሄ ማርሽ አበላሽቷል" ይላል። "ይሄኛው ከአቅሙ በላይ ጭኗል" ይላል። ሌላ ወሬ የለውም። እኔ ደግሞ ጎማ ያለው ነገር ሁሉ ጠላቴ ሆነ። ልጄ ሰላም ባጃጅ ተሳፍራ ከቆየች ልቤ አፌ ላይ ይደርሳል። ቴክኒክና ሙያ ገብታ የመኪና ጥገና መረጥኩ ያለችኝ ቀን ሳምንት ሙሉ አለቀስኩ። ነርስነት እያለ!

አንድ ቀን ሰላም ከቴፒ ስትመለስ ገና ደጁን ሳታልፍ "አባዬ!" አለች። "ጡረታ የወጡ አንድ የቡና እርሻ አለቃ ግቢ ውስጥ አሮጌ ላንድሮቨር ቆማለች። ካንተ ሳትበልጥ አትቀርም።"

ታምሩ ቀና አለ። "ጣራዋ ነጭ ነው?"

"ነጭ ነበር። አሁን ዶሮ ተጸዳድቶበታል።"

"አረንጓዴ ናት? ኤሊ የመሰለች?"

"ኤሊ ናት አባዬ።"

ታምሩ ብድግ አለ። ምርኩዙን ሳይዝ ነው የተነሳው። "በእንደዚያች ነው መንዳት የተማርኩት" አለ። ባሌ ከበርጩማው እንዲያ ሲነሳ ካየሁት ዓመታት አልፈው ነበርና፣ እምቢ ብልም እንደምሸነፍ ያን ጊዜ አወቅኩ። ከሰውዬው ጋር በአንዲት ጊደር ለወጥናት። ነገ ወተት የምትሰጥ ከብት ሰጥተን ብረት ወሰድን ብዬ ሦስት ቀን አኮረፍኩ።

"የቤተሰብ ሥራ ትሆነናለች እማ" አለችኝ ሰላም። "አባዬ ያስተምራል፣ እኔ እፈታለሁ፣ አንቺ ደግሞ..."

"እኔ አለቅሳለሁ" አልኳት።

ኅዳር ነበር፤ ቡና የሚሰጣበት ወር። ታምሩና ሰላም ቀድመው ቴፒ ሄደው ሁለት ቀን ሲፈቱ ሰነበቱ። የመኪናዋ ሞተር ዝጎ ነክሷል፣ አይዞርም፤ ስለዚህ አወረዱት። ጉልበቱን ከሞተሩ ወደ ጎማ የሚያደርሰውን ረጅም ዘንግም ፈቱት። በሦስተኛው ቀን እኔ በጠዋት አውቶቡስ ደረስኩ። የታምሩ የድሮ ጓደኛ ሸምሱ ግማሽ የጫነ የጭነት መኪናውን ይዞ መጥቷል። ኤሊዋን ጎትቶ ሚዛን ሊያደርስልን ነው።

ሸምሱ የኋላውን በር ሲከፍት አንዲት ዶሮ እየተራገመች ዘለለች። ወንበሩ ላይ ሦስት እንቁላል አለ።

"እትዬ ወርቄ" አለኝ፣ "ይቺን መኪና የገዛችሁት ከሰው ነው ከዶሮ?"

ሁሉም ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ታምሩና ሰላም ከመኪናዋ ሥር ተጋድመው ሲንሾካሾኩ እያየሁ ነበር። ስጠጋ ዝም አሉ።

"ምንድን ነው?"

"ምንም አይደል እማ፣ ቅባት ነው" አለች ሰላም፣ እጇን በጨርቅ እየጠረገች። ዓይኗን አላሳየችኝም። ይህን ያዙልኝ።

ሞተሩንና ዘንጉን ጭነት መኪናው ላይ ሰቀሉ። ታምሩ በማይታጠፍ ብረት እንጎትታት አለ፤ የሚሆን ብረት ጠፋ። ስለዚህ በሽቦ ገመድ ሆነ። በገመድ የምትጎተት መኪና ላይ ሰው መቀመጥ አለበት። መሪ የሚይዝ፣ ደግሞም የፊተኛው ሲቀዘቅዝ ፍሬን እየረገጠ ከኋላው እንዳይጋጭ የሚጠብቅ። የታምሩ ጉልበት አይታጠፍም። ሸምሱ ከፊት ይነዳል። መንጃ ፈቃድ ያላት ሰላም ናት።

እኔም በሩን ከፍቼ ከጎኗ ገባሁ።

"እማ ውረጂ። ክብደት ትሆኛለሽ።"

"ክብደት ከሆንኩ ደግ፤ ቶሎ አትሮጥም" አልኳት።

ታምሩ ጭነት መኪናው ላይ ወጥቶ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ ጆንያ ላይ ተቀመጠ። አንድ እጅ ከሰቀለ ያዢ፣ ካወረደ ልቀቂ። በዚህ ተስማምተን ወጣን። እኔ "ጌታ ኢየሱስ፣ ቤቴ አድርሰኝ" እያልኩ ነበር።

በዳገት ደህና ሄድን። ገመዱ ተወጥሮ ይጎትተናል፣ ታምሩ ከላይ ይስቃል፤ እንደ ልጅ እጁን ያውለበልባል። በመንገዱ ግራና ቀኝ ቡና በሸራ ላይ፣ በሰሌን ላይ፣ በእንጨት አልጋ ላይ ተሰጥቷል። ሰላም መሪውን በሁለት እጇ ጨብጣ ታንጎራጉራለች። እኔም፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሸኮን ስናልፍ ትንሽ ተነፈስኩ።

ከዚያ የዳገቱ አናት ላይ ደረስን።

ያን ቁልቁለት አውቀዋለሁ። ታምሩ ጉልበቱን የሰጠበት ነው። በቀኝ በኩል ገደል፣ ከገደሉ ሥር ወንዝ። በግራ ተራራው ተቆርጦ ቤቶች ተደርድረዋል፤ ከደጃቸው እስከ መንገዱ ጠርዝ ቡና ነው። ሩቅ ታች ድልድዩ ላይ ከገበያ የሚመለስ ሰው እንደ ጉንዳን ይርመሰመሳል።

ጭነት መኪናው ቀዘቀዘ። ታምሩ አንድ እጁን ሰቀለ። ሰላም ረገጠች፤ ኤሊዋ ያዘች።

"አየሽ?" አለችኝ ፈገግ ብላ።

ትንሽ ወረድን። ታምሩ እንደገና እጁን ሰቀለ። ሰላም ረገጠች። ከእግራችን ሥር አንድ ነገር ጧ አለ። የልጄ ጉልበት ድንገት ወደ ፊት ሄደ፣ መርገጫውም ወለሉ ላይ ተኛ።

"ሰላም?"

ደጋግማ ረገጠች። መርገጫው እንደ ባዶ ከረጢት ነው።

"ፍሬን በጠሰ" አለችኝ። ጨው አልቋል እንደሚባለው ባለ ድምፅ ነው ያለችው። ከጩኸት የበለጠ ያ ድምፅ አስፈራኝ።

የጭነት መኪናው ኋላ እያደገ መጣብን። ታምሩ ሁለቱንም እጆቹን ሰቅሏል፤ ከዚያ በምርኩዙ የመኪናውን ላሜራ መደብደብ ጀመረ። ሰላም እንዳንጋጭ መሪውን ወደ ግራ ሰበረች። የላላው ገመድ መንጠቆው ከቀለበቱ ወለቀ። በጭነት መኪናው ጎን ስናልፍ የባሌን ፊት ቁልቁል ሲያየኝ አየሁት። አፉ ስሜን ይጠራል፤ አልሰማሁትም። ከዚያ እሱም ኋላ ቀረ። ብቻችንን ሆንን። ያ ፉጨት ጀመረ።

"ማርሽ አስገቢ!" አልኳት። ከሾፌር ጋር የኖርኩ ሰው ነኝ፣ የምሰማውን ነው ያልኩት።

"ሞተር የለም እማ!"

"የእጅ ፍሬኑስ!"

"እሱም በዘንጉ ነው የሚሠራው፤ ዘንጉ ተፈቷል!"

ድልድዩ እየቀረበ ነው። አሁን ጉንዳን አይደሉም፤ እንሥራ የተሸከመች ሴት ለየሁ፣ አህያ የሚነዳ ሽማግሌ ለየሁ። ሰላም ጥሩንባውን መታች፤ ጥሩንባውም የሞተ ነው።

በግራችን ቡና አለ። የተከመረ፣ ለስላሳ፣ ረጅም የቡና ምንጣፍ። ከዚያ ወዲያ የእንጨት አልጋዎች፣ ከአልጋዎቹ መጨረሻ የታሰረ ጆንያ ቁልል። ሰላምም አይታዋለች። መሪውን ወደዚያ አዞረች፤ ጎማችን የሸራውን ጠርዝ ሊነካ ሲል መለሰችው። ደግማ አዞረች፤ ደግማ መለሰችው። በሦስተኛው እጆቿን አየኋቸው። እንደ ሌላ ሰው እጅ እምቢ ይሏታል።

ያን ጊዜ ምን እንደያዛት ገባኝ።

ስድስት ዓመቷ ነበር። ጫጩት ስታባርር ግቢያችን ውስጥ በተሰጣ ቡና ላይ ሮጠች። በቡና አርጩሜ ቁርጭምጭሚቷን ገረፍኳት። "የሰው ላብ ነው! ዳግመኛ ቡና ብትረግጪ እግርሽን አልምርሽም!" አልኳት። በእኛ አገር ልጅ ፊደል ሳይቆጥር ይህን ይማራል። ገበያ ውሎ የሚወላገድ ሰካራም እንኳ የተሰጣ ቡና ሲያይ ይዞርለታል። ልጄ ከዚያ ቀን ወዲያ አንዲት ፍሬ ረግጣ አታውቅም። እየዞረች አደገች።

"ቡናው ላይ ውጪ!" ብዬ ጮህኩ።

"የሰው ቡና ነው እማ!"

ሞት ከፊቷ ቆሞ ልጄ ያለችው ይህን ነው። የሰው ቡና ነው።

ዘልዬ መሪውን በሁለት እጄ ያዝኩት። በሕይወቴ መሪ ነክቼ አላውቅም። "እርገጪው! እርገጪው ልጄ! አትርገጪ ያልኩሽም እኔ ነኝ፣ እርገጪ የምልሽም እኔ ነኝ!" እያልኩ ወደ ግራ ጎተትኩት።

ጎማዎቹ ቡናው ውስጥ ሲገቡ ዶፍ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ የወረደ መሰለኝ። ከዚያ የአልጋዎቹ እንጨት ተራ በተራ ተሰበረ፤ አንዱ መስተዋቱን ሰብሮ ከጆሮዬ ሥር አለፈ። ከዚያ ጆንያው። ከዚያ ዝም።

ከጣራው ላይ ፍሬ እየተንከባለለ ይወርዳል። ጠብ። ጠብ። አቧራው ውስጥ የሰላም ግንባር መሪው ላይ ተደፍቷል።

"ሰላም" አልኩ። አልመለሰችም።

ልነካት ፈራሁ። ካልነካኋት በሕይወት ያለች ይመስለኛል፤ ከነካኋት አውቃለሁ። እናት የሆነ ሰው ይህን ይረዳኛል። እጄን ዘርግቼ አየር ላይ ያዝኩት።

"እማ" አለች መሪውን እንደተደገፈች። "ረገጥኩት።"

አለቀስኩ። እሷም አለቀሰች። ግንባሯ ተሰንጥቋል፣ የእኔ ክንድ አብጧል፤ ሌላ ምንም የለም።

ከቤቱ አንዲት አሮጊት ቡና ማገላበጫ እንጨታቸውን እንደያዙ እየሮጡ መጡ። እማማ ዘነቡ ይባላሉ። ሊመቱን መስሎኝ ልጄን ከለልኳት።

"ስንት ናችሁ? ሁለት? ሌላ ሰው የለም? ከጎማው ሥር ማንም የለም?" አሉ ጎንበስ ብለው እያዩ። እንደሌለ ሲያውቁ መሬት ላይ ዘጭ ብለው ተቀመጡ። ከዚያ ነው ቡናቸውን ያዩት። ከጠጠር፣ ከመስተዋት ስባሪና ከተሰበረ እንጨት ጋር ተደበላልቆ እስከ ቦዩ ድረስ ተበትኗል።

እግራቸው ሥር ወደቅኩ። "እማማ፣ ዓመት የለፉበትን አጠፋን..."

"ተነሺ" አሉኝ። "ቡና ተበትኖ ይለቀማል። ሰው ተበትኖ አይለቀምም።"

ታምሩ ምርኩዙ ጠፍቶበት፣ ሁለት ጊዜ ወድቆ ደረሰ። የሰላምን ጭንቅላት፣ የእኔን ክንድ፣ እንደገና የሰላምን ጭንቅላት ዳሰሰ። ሸምሱ ታኮ ይዞ እየሮጠ መጣና ከኤሊዋ የኋላ ጎማ ሥር አስገባ።

"አሁን ታኮ?" አልኩት።

"እትዬ ወርቄ፣ እጄ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም" አለ። ያን ጊዜ ሁላችንም ሳቅን፤ እማማ ዘነቡም። ሳቁ ግን ከለቅሶው አይለይም ነበር።

ወደ ቤት አልሄድንም። ሁለት ቀን እማማ ዘነቡ ደጅ ቁጭ ብለን ቡናቸውን ለቀምን። የማውቀው ሥራ ነው፤ ጠጠሩን ወዲህ፣ መስተዋቱን ወዲያ፣ የተጨፈለቀውን ለብቻ። ታምሩ አልጋዎቹን መልሶ አቆመ። የጎደለውን ከጓሯችን ቡና ልናመጣላቸው ተስማማን። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት፣ ሦስታችን ብቻ አንድ ሰሌን ከበን ስንለቅም፣ ሰላም አንገቷን እንደደፋች ጀመረች።

"እማ፣ የፍሬኑ ቱቦ ዝጎ ነበር። አውቀን ነው። በጎማ ቁራጭ ጠቅልለን በሽቦ አስረነው ነው የመጣነው።"

ቅባት ነው ያሉኝ ትዝ አለኝ። ታምሩን አየሁት፤ ዓይኑን አልሰጠኝም።

"ለምን አልነገራችሁኝም?"

"ብንነግርሽ ትከለክያለሽ።"

"ታዲያ መከልከል አልነበረብኝም?"

"ነበረብሽ" አለ ታምሩ። "ጥፋቱ የኔ ነው ወርቄ፤ ሽቦውን ያጠበቅኩት በዚህ እጄ ነው። ግን አንቺ ባጃጁን ትከለክያለሽ፣ ዝናቡን ትከለክያለሽ፣ መሰላሉን ትከለክያለሽ። ሁሉን ለሚከለክል ሰው እውነተኛውን አደጋ ለይቶ መንገር እንዴት ይቻላል? ሁሉም አንድ ነው ለሱ።"

ተቆጣሁ። የምሰድበው ቃል አፌ ላይ ነበር። ጣቶቼ ግን ሥራቸውን አላቆሙም፤ አንዲት ጥቁር ፍሬ ከደህናው ለይተው ወደ ጎን ጣሉ። ስድቡን ትቼ እሷን አየኋት። ዕድሜዬን መጥፎውን ከደህናው ስለይ ኖሬ፣ ፍርሃቴን አንድ ቀን ለቅሜው አላውቅም። ሁሉን በአንድ ጆንያ ከትቼ ልጄ ላይ ነው የጫንኩት። የተሰጣ ቡና የመርገጥን ፍርሃት ከመሞት ፍርሃት እንኳ መለየት እስኪያቅታት ድረስ።

ሁለቱም ብረቷን ሽጡ እንድል ይጠብቁ ነበር።

"ኤሊዋ ቤት ትገባለች" አልኳቸው። "ግን በገመድ አይደለም፤ ጭነት መኪና ላይ ተጭና ነው። ከዛሬ ወዲያም ክፉውን ቀድማችሁ ትነግሩኛላችሁ። እኔም ሳልጮህ እሰማለሁ። ከተቻለኝ።"

"ከተቻለሽ" አለ ታምሩ።

እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ ደፋር ሆንኩ ብዬ አልዋሻችሁም። ዛሬም ባጃጅ ሲዘገይ በር ላይ እቆማለሁ። ግን ልጆቻችሁ ሳይነግሯችሁ የሚያደርጉት ነገር ካለ፣ ከመቆጣታችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁልኝ። እንዳይነግሩኝ ያደረግኳቸው እኔ ነኝ ወይ በሉ። እኔ ሳልጠይቅ ልጄን ላጣ ነበር።

ኤሊዋ ገና አላለቀችም። ግቢያችን ውስጥ ቆማለች፤ ጣራዋን እኔ ነኝ በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ ያነጣሁት። ቱቦዎቿ ሁሉ አዲስ ናቸው። ፍሬን ሲጠገን ውስጡ የገባው አየር መውጣት አለበት አሉኝ፤ ለዚህም ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ከሥር ብሎኑን ይፈታል፣ አንዱ ከላይ መርገጫውን ይረግጣል። ታምሩ ጉልበቱ አይታጠፍም።

ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ የሾፌሩ ወንበር ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ታምሩ በርጩማውን ጎማው አጠገብ አስጠግቶ የዘይቱን ጣሳ ይይዛል። ልጄ ከመኪናዋ ሥር ትገባለች፤ እግሮቿ ብቻ ይታዩኛል፤ ቁርጭምጭሚቷ ላይ የድሮዋ የአርጩሜ ጠባሳ አለች።

"እማ፣ ዝግጁ ነሽ?" ትለኛለች ከሥር።

"አለሁ።"

"እርገጪ!"

እረግጣለሁ። መጀመሪያ ባዶ ነው፣ ልቤ አብሮት ይወርዳል። ሁለተኛ። ሦስተኛ። ከዚያ ከእግሬ ሥር አንድ ጠንካራ ነገር መልሶ ይገፋኛል።

"ያዘ?" ትላለች።

"ያዘ ልጄ" እላታለሁ፣ እግሬን ሳላነሳ።